የጎርጎራ ማዕበልና የደንገል ታንኳ

ታንኳ ከደንገል የሚሠራ የጣና ሐይቅ ጀልባ ነው። ሳንቃ የለውም፣ ሚስማር አይመታበትም። የደረቀ ደንገል በእቅፍ በእቅፍ ተነባብሮ በገመድ ይጠፈርና አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ውኃ ላይ ይወርዳል። ከጎንደር ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ በሚገኘው ጎርጎራና በደንቢያ የውኃ ዳር መንደሮች አሣ አስጋሪው፣ ማገዶ ጫኙ፣ ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገረው መነኩሴና ምእመን ለብዙ ትውልድ ማዕበሉን ያለፈው በዚሁ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም። ሰው በቀላል ተንሳፋፊ ነገር ላይ ሆኖ ከማዕበል ጋር የሚታገልበትን፣ ሲያውቅበትም ማዕበሉ ራሱ የሚሸከመውን ጥበብ በአገር ውስጥ ማየት የሚፈልግ የሚሄደው ወደ ጣና ነው።

ደንገል ረግረግ መሬት የሚወድ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚያድግ ተክል ነው። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው ሲሆን ውጭው አረንጓዴና ለስላሳ፣ ውስጡ ነጭና ቀላል ነው። ይህ ነጭ ውስጠኛ ክፍል በአየር የተሞላ ስለሆነ የታንኳው ኃይል ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ውኃ ገብቶ ሆዱን ከሞላው ይሰምጣል። ታንኳ ግን የሚንሳፈፈው የተሠራበት ነገር ራሱ ከውኃ ስለሚቀል ነው። ማዕበል ከላዩ ቢያልፍ ውኃው በደንገሎቹ መካከል ሾልኮ ይወርዳል እንጂ አይጠራቀምም።

ሥራው የሚጀምረው ከማጨድ ነው። የበሰለው ደንገል ከሥሩ ተቆርጦ በፀሐይ ይደርቃል፤ እርጥብ ደንገል ከባድ ነው፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ከዚያ ግንዶቹ ተደርድረው በእግር እየተረገጡ፣ በሙሉ አቅም እየተጎተቱ ከተክል ልጥ በተገመደ ገመድ ይጠበቃሉ። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ትልቁን ጥንቃቄ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። ላላ ያለ ጥቅል ውኃ ቶሎ ይጠጣል፣ ማዕበል ውስጥም ወገቡ ይታጠፋል። ወደ ፊት እየቀጠነ የሚሄደው አፍንጫ ይቆለመምና በገመድ ይያዛል። በመጨረሻ ተሳፋሪውና ጭነቱ ከውኃ ከፍ እንዲሉ በውስጡ ሌላ የደንገል ጥቅል ይነጠፋል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ አለ፤ ብዙ ሰውና ኩንታል የሚጭን ትልቅም ይሠራል።

ጣና የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ሲሆን ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡም 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ከውኃው ጥቂቱ ከጎንደር ከተማ የሚመጣ ነው። በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ቀሐ ከከተማው በታች ከአንገረብ ጋር ተገናኝቶ በመገጭ በኩል የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ጥር 11 ቀን ወጣቱ እየዘለለ የሚጠመቅበት ውኃ ተለቆ ሲወርድ መድረሻው ጎርጎራ አጠገብ ያለው የሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ ከደጋው አጥበው የሚያወርዱት አፈርም እዚያው ይተኛል። በመገጭ አፍ ዙሪያ የሐይቁ ወለል በደለል ከፍ ያለውና ውኃው የሳሳው በዚህ ምክንያት ነው።

የወለሉ ከፍታ ለማዕበሉ ጠባይ ዋና ነገር ነው። ማዕበል የሚወለደው ከነፋስ ነው። የነፋሱ ጉልበት፣ የነፈሰበት ጊዜና ሳይገታ የተጓዘበት የውኃ ርቀት መጠኑን ይወስናሉ። በውቅያኖስ ላይ ነፋስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለሚነፍስ ረጅምና የሰከነ ማዕበል ይፈጥራል። ከአንዱ ማዕበል ጫፍ እስከ ቀጣዩ 14 ሰከንድ የሚፈጅ የውቅያኖስ ማዕበል ርዝመቱ 300 ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቅ ውኃ ላይ በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በጣና ላይ ነፋሱ የሚያገኘው መሮጫ ቢበዛ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየሦስት ሰከንዱ የሚመጣ የሐይቅ ማዕበል ርዝመቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የጣና ማዕበል ትንሽ ነው ማለት ገር ነው ማለት አይደለም። አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን አልፎ ትንፋሽ ሳይሰበሰብ ሌላው ይደርሳል። ጠባብ ጀልባን የሚያስቸግረውም ከቁመቱ ይልቅ ይህ መደጋገሙ ነው።

ማዕበል ከርዝመቱ ግማሽ በሚያንስ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ወለሉ ይይዘዋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ይጨምራል። ቁመቱ ከውኃው ጥልቀት ጋር ሲቀራረብ አናቱ ቀድሞ ይወድቃል፤ ይህ ነው መሰበር የሚባለው። የ14 ሜትሩ የሐይቅ ማዕበል ወለሉ የሚሰማው 7 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ጣና ደግሞ በሰፊው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ማዕበሉ ዳር ከመድረሱ በፊት ጀምሮ ከወለሉ ጋር ይነካካል ማለት ነው።

የጎርጎራ ልሳነ ምድር ወደ ውኃው ገባ ያለ ዐለታማ መሬት ነው። ከደቡብ የሚመጣ ማዕበል እንዲህ ያለ መሬት ሲያገኝ አንዱ ጎኑ የሳሳው ውኃ ላይ ቀድሞ ደርሶ ይዘገያል፣ ጥልቅ ውኃ ላይ ያለው ጎኑ ደግሞ መሮጡን ይቀጥላል። በዚህ ልዩነት የማዕበሉ መስመር ይታጠፍና ወደ መሬቱ ይዞራል። መሰበሩ ከልሳነ ምድሩ ጫፍ ይጀምርና በጎኑ እየተከተለ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። በውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ሰርፍ የሚጋልቡ፣ ማለትም በሳንቃ ላይ ሆነው በማዕበል የሚጓዙ ሰዎች አገር አቋርጠው የሚፈልጉት የልሳነ ምድር ጫፍ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። እዚያ ማዕበሉ በአንድ ጊዜ ስለማይፈርስ ጋላቢው በሚሰበረውና ባልተሰበረው መካከል ረጅም መንገድ ያገኛል። በጣና መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው፤ ታንኳ ቀዛፊውም የሚጠቀምበት ለተቃራኒው ዓላማ ነው። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ጫፍ ራቅ ብሎ ዞሮ፣ ጉልበቱን ጨርሶ ወደሚለሰልስበት ገባ ያለ ዳርቻ ይጠጋል። ደሴቶቹም እንዲሁ ናቸው። በጎርጎራ ፊት ለፊት እንዳለችው ብርጊዳ ማርያም ያለች ደሴት ነፋስ በሚመታት በኩል ስትናጥ ከኋላዋ የተረጋጋ ውኃ ታስቀምጣለች።

ነፋሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ሐይቁ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው አየር ይነሣል፣ ከሐይቁ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ቦታውን ሊሞላ ይነፍሳል። በሰሜኑ ዳርቻ ይህ ነፋስ ከደቡብ ስለሚመጣ ረጅም የውኃ መንገድ ተንደርድሮ ይደርሳል። የታንኳ ጉዞ በማለዳ የሚጀመረው፣ ከሰዓት በኋላም የሚፈራው ለዚህ ነው።

ማዕበሉ ሲነሣ የታንኳው ቀና ያለ አፍንጫ ዋጋው ይታያል። ቀዛፊው ማዕበሉን በጎን ከተቀበለ ይገለበጣል፤ በፊት ከተቀበለው ግን አፍንጫው ማዕበሉን ይወጣዋል፣ ልምጥ ያለው የደንገል ገላም ከውኃው ቅርጽ ጋር አብሮ ይታጠፋል። በእጁ ያለው ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል፤ ውኃው በሳሳበት ወለሉን ይገፋል፣ ሲያዘነብልም ሚዛን ይጠብቃል። ወደ ዳር ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ማዕበሉ ከኋላ ስለሚመጣ ኋላውን ያነሣውና ወደ ፊት ይገፋዋል። በዚያች ቅጽበት ቀዛፊው የሚጠበቅበት አቅጣጫ መጠበቅ ብቻ ነው፤ አፍንጫው ወደ ጎን ከዞረ ማዕበሉ ያንከባልለዋል። ይህ በማዕበል የመጓዝ ችሎታ በጣና ስም ወጥቶለት ስፖርት አልሆነም። የዕለት እንጀራ አካል ነው፤ ክብሩም ከዚያ አይቀንስም።

የታንኳ ጥበብ ሲነሣ በቅድሚያ መጠራት ያለበት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ወይጦዎች የሐይቁ የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው፤ ጉማሬ አዳኝና አሣ አስጋሪ ነበሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት አግልለዋቸዋል። አገሩ ሁሉ ሥራቸው ላይ ተሳፍሮ እየተሻገረ ሠሪዎቹን ማራቁ ትልቅ በደል ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጎርጎራ የተቀመጡት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስለ ሐይቁ የደንገል ጀልባዎች ጽፈዋል። እንግሊዛዊው ቆንስል ቺዝማንም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶች ሲያጠና በታንኳ ተጉዟል። የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስን ጨምሮ ገዳማቱ ከየብስ ጋር የተገናኙት በዚሁ ደንገል ነው።

በሣር ጀልባ ማዕበል መጋለብ በዓለም ላይ የጣና ብቻ አይደለም። በፔሩ፣ ከትሩሂዮ ከተማ አጠገብ ባለችው ሁዋንቻኮ፣ አሣ አስጋሪዎች ቶቶራ ከሚባል የውኃ ሣር ጠባብና አፍንጫው የቀና ጀልባ ይሠራሉ። ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የሞቼ ሕዝብ ሸክላዎች ላይ ተመሳሳይ ጀልባ ተሥሏል። አስጋሪው እንደ ፈረስ ተቀምጦበት ወይም ተንበርክኮ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ እየቀዘፈ የሚሰበረውን ማዕበል አልፎ ይወጣል፤ ሲመለስ ማዕበሉን ጋልቦ አሸዋው ላይ ይደርሳል። ብዙ ሰው ሰርፍ የተወለደው በሃዋይና በአካባቢው የፓሲፊክ ደሴቶች እንደሆነ ያውቃል፤ የካፒቴን ኩክ መርከበኞችም እ.ኤ.አ. በ1779 የሃዋይ ሰዎች በሳንቃ ማዕበል ሲጋልቡ አይተው ጽፈዋል። ፔሩዎች ግን ቀዳሚነቱ የኛ ነው ይላሉ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ የሁዋንቻኮውን ጀልባ ከታንኳ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው አንድ ዓይነት ችግር በተራራቁ ሁለት አገሮች አንድ ዓይነት መልስ እንዳገኘ ያያል።

የጣና ደንገል ራሱም ውቅያኖስ አይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር የሚለውን ሐሳቡን ለመፈተን ራ የተባለውን ጀልባ ግብፅ ውስጥ ፒራሚዶቹ አጠገብ አሠራ። ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹ የመጡት ከቻድ ሐይቅ ነው። ራ ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥቶ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ኋላው ውኃ ጠጥቶ ስለዘቀጠ መድረሻው ሳይደርስ ተተወ። በሚቀጥለው ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ዳግማዊ ራን ይበልጥ አጥብቀው አሰሩት፤ እሱም በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ልዩነቱን ያመጣው የጥቅሉ አያያዝ ነበር፤ የጎርጎራ ታንኳ ሠሪ ገመዱን በእግሩ ረግጦ የሚያጠብቅበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ የብስ ተስቦ ካልደረቀ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በጥንቃቄ ቢያዝም ከወራት በኋላ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ታንኳ እንዲኖር ደንገል በየዓመቱ መብቀል አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ፤ እነዚህ ታንኳን ከሰፊው ውኃ ላይ ገፉት እንጂ ከዳርቻው አላስወጡትም። ዳርቻውን የጎዳው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዝናብ እጥረትና ለኤሌክትሪክ ኃይል በተለቀቀው ውኃ ምክንያት የሐይቁ የውኃ ከፍታ ክፉኛ ወርዶ መርከቦች ለወራት ሲቆሙ፣ የደረቀው የደንገል መሬት ብዙው ታረሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ አካባቢ ታየና በደንቢያና በፎገራ ተስፋፋ። ነፋስ በገፋው ቁጥር እየተንሳፈፈ ባሕረ ሰላጤዎችን ይዘጋል፤ ታንኳም ሞተርም አያሳልፍም።

የደንገል መጥፋት ጉዳቱ ከጀልባው አልፎ ይሄዳል። ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ ደንገል ማዕበሉን ዳር ሳይደርስ ያደክመዋል፣ ወንዙ ያመጣውን ደለል ይይዛል፣ ለአሣ ጫጩትም መጠለያ ይሆናል። ተጨፍጭፎ በታረሰበት ቦታ ማዕበሉ አፈሩን በቀጥታ ይመታል፣ ዳርቻውን ይሸረሽራል። በሁዋንቻኮ አስጋሪዎቹ ቶቶራቸውን በባሕሩ አቅራቢያ በተቆፈሩ ኩሬዎች እየተከሉ ያጭዳሉ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ኩሬ ይንከባከባል። ደንገልም በሥሩ የሚራባ ተክል በመሆኑ ሥሩ ረግረግ መሬት ላይ ቢተከል ይይዛል፤ ውኃው እስካልሸሸና ከብት እስካልገባበት ድረስም በአጭር ጊዜ ለመታጨድ ይደርሳል።