ሰማያዊው ጥላ

ክሎድ ሞኔ «ሴቶች በአትክልት ሥፍራ» የተባለውን ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1866 ሲጀምር ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ሸራው 2 ሜትር ከ55 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 2 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ወርድ አለው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ግዙፍ ሸራ የሚወጠረው ለጦርነት፣ ለነገሥታትና ለቅዱሳን ታሪክ ነበር። ሞኔ ግን ለአራት ሴቶች፣ ለአበባና ለፀሐይ አዋለው።

ሥዕሉን ደጅ ላይ፣ ብርሃኑ ባለበት መሥራት ፈለገ። ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ቪል ዳቭሬ በተከራየው ቤት ግቢ ቦይ አስቆፈረ። የላይኛውን ክፍል ሲሥል ሸራውን በመዘውር ወደ ቦዩ ዝቅ ያደርገዋል፤ መሰላል ላይ ቢወጣ ዕይታው ይለወጥበታላ! ፀሐይ ደመና ውስጥ ስትገባም ብሩሹን ያስቀምጥ እንደነበር፣ ሊጠይቀው የመጣው ታላቁ ሠዓሊ ጉስታቭ ኩርቤም በዚህ እንደተገረመ ይነገራል።

መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሴት እስቲ ልብ ብላችሁ እዩዋት። ነጭ ቀሚሷ ዙሪያዋን ተንሰራፍቷል፤ መንገዱን አቋርጦ የመጣው የዛፍ ጥላም ላዩ ላይ አርፏል። በትምህርት ቤት ወግ የሠለጠነ ሠዓሊ ቢሆን ጥላውን በቡናማ ወይም በጥቁር ያጠይመው ነበር። ሞኔ ያየው ሰማያዊ ነው፤ ሰማዩ ነጩ ጨርቅ ላይ ወርዷል። ፊቷም ከያዘችው ጃንጥላ ሥር ሆኖ ሳለ፣ ከታች በሚመለሰው ብርሃን ፈክቷል። ኢምፕሬሽኒዝም የተባለው የሥዕል ስልት ስሙን ያገኘው በ1874 ቢሆንም፣ እኔ ልደቱን የማየው እዚህ ቀሚስ ላይ ነው።

ሴቶቹ እርስ በርስ የተቀራረቡ አይመስሉም፤ የሚተርኩት ታሪክም የለም። ከአራቱ ለሦስቱ ሞዴል የሆነችው አንዲት ሴት፣ ኋላ ያገባት ካሚል ዶንስዬ ናት። ታሪክ አልባነቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ አልቆጥረውም፤ የሥዕሉ ባለታሪክ ብርሃኑ ነውና።

በ1867 ፓሪስ ውስጥ ሳሎን ለተባለው ይፋዊ ዐውደ ርዕይ ሥዕሎችን የሚመርጡት ዳኞች አልተቀበሉትም። ችግር ላይ የወደቀውን ሞኔን የታደገው ሠዓሊ ጓደኛው ፍሬደሪክ ባዚል ነበር፤ ሥዕሉን በ2,500 ፍራንክ ገዛው፣ ክፍያውም በየወሩ 50 ፍራንክ ሆነ። ባዚል በ1870 ፈረንሳይ ከፕራሻ ጋር ባደረገችው ጦርነት በ28 ዓመቱ ወደቀ።

ሥዕሉ ኋላ ወደ ሞኔ እጅ ተመለሰ፤ በ1921 የፈረንሳይ መንግሥት ይህንኑ ሥዕል ከሞኔ በ200,000 ፍራንክ ገዛው። ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የኦርሴ ሙዚየም ይታያል።