የባሕር ዛፍ ቅርፊትና የቡና ገለፈት የፋብሪካ ማቅለሚያን ከውሃ ለማጣራት ያገለግላሉ

አዲስ አበባ፦ ከጨርቃ ጨርቅና ከቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ጋር የሚወጣ ማቅለሚያ ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ከዕፅዋት ተረፈ ምርት በሚዘጋጅ ልዩ ከሰል ሊጣራ እንደሚችል የዘርፉ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ከእንጦጦ ተራሮችና ከኮተቤ ተዳፋቶች የሚወርዱ ጅረቶች ወደ ታላቁ አቃቂ ወንዝ ገብተው በአባ ሳሙኤል በኩል ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላሉ። በተፋሰሱ የታችኛው ክፍል በወንዙ ውሃ አትክልት ስለሚለማ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ የከተማዋን ነዋሪ ማዕድ በቀጥታ የሚመለከት ነው።

ማቅለሚያ በፀሐይና በሳሙና እንዳይለቅ ተደርጎ የሚሠራ በመሆኑ በውሃ ውስጥም በቀላሉ አይበሰብስም። የፀሐይ ብርሃንን በመጋረድ የውሃ ውስጥ ዕፅዋትን ይጎዳል፤ አንዳንዱም ሲፈራርስ ለካንሰር የሚያጋልጡ ንጥረ ነገሮችን ይፈጥራል።

አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ይህ ከሰል ከማገዶ ከሰል የሚለየው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ብዛት ነው። ጥሬ ዕቃው አየር በሌለበት ከከሰለ በኋላ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት በእንፋሎት ይታከማል፤ አለዚያም አስቀድሞ እንደ ፎስፎሪክ አሲድ ባለ ኬሚካል ተነክሮ ዝቅ ባለ ሙቀት ይከስላል። በዚህም የአንድ ግራም ከሰል የውስጥና የውጭ ገጽ ስፋት ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የማቅለሚያው ቅንጣቶች ተጣብቀው የሚቀሩት በዚሁ ገጽ ላይ ነው።

በሀገራችን ተመራማሪዎች የቡና ገለፈትን፣ የጫት እንጨትንና ፓርቲኒየም የተባለውን መጤ አረም ለዚሁ ተግባር ሞክረዋል። የእንጦጦን ኮረብታዎች የሸፈነው የባሕር ዛፍ ቅርፊትና ሰጋቱራም፣ ለዚህ ተብሎ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ በተመሳሳይ መንገድ ሊያገለግል ይችላል።

ይሁን እንጂ ከሰሉ ማቅለሚያውን ይይዛል እንጂ አያጠፋውም። ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ እንደገና መታከም ወይም በጥንቃቄ መወገድ ይኖርበታል፤ ሜዳ ላይ ከተጣለ ብክለቱ በዝናብ ታጥቦ ተመልሶ ወንዝ ይገባል። የማጣራት አቅሙም እንደ ማቅለሚያው ዓይነትና እንደ ውሃው አሲዳማነት ይለያያል። ከሰሉ ጀርሞችን ስለማይገድል፣ ቀለሙ የጠራ ውሃ ሁሉ ለመጠጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ተገንብቷል። እንዲህ ያለውን ከፍተኛ ወጪ ለማይችሉ አነስተኛ ማቅለሚያ ቤቶች ከተረፈ ምርት የሚሠራው ከሰል፣ አወጋገዱ አብሮ ከታቀደለት፣ አንድ አማራጭ ሊሆን ይችላል።