ቤንዚን የበዛበትን የአሮጌ ላንድሮቨር ሞተር ሕመም ስለ መለየት

የቤንዚን ሞተር ኀይሉን የሚያገኘው ከቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንና አየር በልክ ሲቀላቀሉ ነው እንጂ። ልኩም በክብደት ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል አየር ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅለው ዕቃ ካርቡራተር ይባላል። ቤንዚኑ ከልኩ ሲያልፍ የሚሆነውን መምህር በኩራዝ ሊያሳይ ይችላል፤ ክሩ ከመጠን በላይ ሲወጣ ብርሃኑ አይጠራም፥ ጥቀርሻው ግን ይበዛል።

ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሦስተኛው ዓይነት ላንድሮቨር፥ ባለ 4 ሲሊንደሩ፥ ለዚህ ትምህርት መልካም ምሳሌ ነው።

የሕመሙ ምልክት ይህ ነው፤ ጭሱ ይጠቁራል፥ የቤንዚን ሽታ ይሰማል፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ ይንገዳገዳል፥ ቤንዚኑም ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያስጠረጥራል። ስለዚህ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማየት ይገባል። ጫፋቸው ቡናማ ቢሆን ድብልቁ ደኅና ነው፤ አራቱም በደረቅ ጥቀርሻ ጠቁረው ቢገኙ ቤንዚን በዝቷል፤ አንዱ ብቻ ቢጠቁር ግን ጥፋቱን ከካርቡራተሩ ይልቅ በዚያው ሲሊንደር፥ በካንዴላው ወይም በሽቦው መፈለግ ይሻላል።

ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ ካቻቪቴ አንሥተው የካርቡራተሩን ብሎን ያዞራሉ። ይህም ሕመሙን ሳይለዩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ።

መጀመሪያ፥ ቾክ የተባለው የአየር መዝጊያ ይታይ፤ ሽቦው ተይዞ ሳይከፈት ቀርቶ እንደ ሆነ አየር ያንሳል። ሁለተኛ፥ የአየር ማጣሪያው ይፈታ፤ በዚህ መኪና ማጣሪያው ዘይት የሚጨመርበት ስለ ሆነ፥ አቧራ ዘይቱን ጭቃ ሲያደርገው አየር እንደ ልቡ አያልፍም፤ ታጥቦ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ይጨመርበት። ሦስተኛ፥ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ቢታይ፥ ተንሳፋፊው ተበስቶ ወይም ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ ቆሽሾና አርጅቶ እንደ ሆነ ይመርመር። አራተኛ፥ ዜኒት በተባለው ካርቡራተር ክዳኑ ሲጣመምና የውስጡ የጎማ ቀለበት ሲያረጅ፥ ቤንዚን ከተመደበለት መንገድ ውጭ ሾልኮ ይገባል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ሲገኙ ብቻ የሚኒሞው ብሎን ይስተካከል።

ዳግመኛ የአገሩን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ስለዚህ በቆላ የተስተካከለ ሞተር ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፥ አንዳች ሳይሰበር ቤንዚን ይበዛበታል። መድኃኒቱም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አነስ ባለ መለወጥ ነው።

ሕመሙን ቸል ያለ ሰው የሚያጣው ቤንዚን ብቻ አይደለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፥ ወደ ታችም ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፤ ሞተሩም ያለ ዕድሜው ያረጃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ነው፤ ቤንዚን በበዛ መጠን እርሱም ይበዛል፤ መልክም ሽታም ስለሌለው በተዘጋ ቤት ሰውን ሳይታወቅ ይገድላል። እንግዲህ ሞተር አስነሥቶ መመርመር በሜዳ፥ ከእሳትም ርቆ ይሁን፤ ይህንም ከብሎንና ከመርፌ አስቀድሞ ለተማሪዎች ማስተማር ይገባል።