ሐሳብን መመርመር፦ የፕሮፌሰር አሮን ቤክ የሕክምና መንገድ

በድባቴ የተያዘ ሰው “እኔ አልረባም” የሚለውን ሐሳብ እንደ እውነት ይቀበላል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ፕሮፌሰር አሮን ቤክ ግን ሐሳቡ ራሱ ሊመረመር እንደሚገባ አስተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1921 የተወለዱት ቤክ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1954 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲን ተቀላቀሉ። በጊዜው ድባቴ ወደ ራስ የዞረ ቁጣ እንደሆነ ይታመን ነበር። ቤክ ይህን ለማረጋገጥ የታካሚዎችን ሕልም ሲያጠኑ ያገኙት ሽንፈትንና ማጣትን ነበር። ታካሚዎቹ ራሳቸውን፣ ዓለምንና መጪውን ጊዜ አጨልመው ያዩ ነበር። በ1961 የድባቴን ክብደት የሚለካ 21 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ ይፋ አደረጉ።

በዚህ ሕክምና ሐኪሙ ታካሚውን አይገሥጽም፤ “አይዞህ” ብሎም አያሰናብተውም። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ “የነካሁት ሁሉ ይበላሻል” ቢል፣ ያለፉትን ዓመታት ምርትና በረዶው የጎረቤቱንም ማሳ መምታቱን አብረው ያመዛዝናሉ። ታካሚው በቤቱ የሚሞክረው ተግባርም ይሰጠዋል።

በ1977 የታተመ የቤክና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ ይህ ሕክምና ኢሚፕራሚን ከተባለው መድኃኒት የተሻለ ውጤት ማሳየቱን ገለጸ። ቤክ በ2021 በ100 ዓመታቸው አረፉ።

ኀዘኑና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ድባቴ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የሚታከም ሕመም ነው።