አውሮፕላን ሲያልፍ ትምህርቱ ወዴት ይሄዳል?

ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ ከመካከላችን አራታችን የተመደብነው፣ አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ብለው በላዩ በሚያልፉበት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በመጀመሪያው ቀን የአማርኛ ንባብ ስናስተምር አውሮፕላን መጣ። የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ፤ እኛም ድምፃችንን ከፍ አደረግን፤ አውሮፕላኑ ግን በለጠን። ካለፈ በኋላ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ምን አሉ?» አለን። ደገምንለት። ጥቂት ቆይቶ ሌላው መጣ። ያቀድነውን ምንባብ ሳንጨርስ ደወል ተደወለ።

ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ገጠምን። ገሚሶቻችን «የባከነው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነገ ይካካሳል» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «የለም፣ ጉዳቱ ከደቂቃ ያልፋል» አልን። በጩኸት የሚፈታ ነገር ስላልሆነ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ያገኘነውን እነሆ ለእጩ መምህራን ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን እናቀርባለን።

ድምፅ እንዴት ይለካል?

ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ዴሲቤል ግን እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ የሚደመር አይደለም። መለኪያው በ10 ከፍ ሲል የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ፣ በ20 ከፍ ሲል 100 እጥፍ ይሆናል። ለጆሯችን ግን በየ10 ዴሲቤሉ እጥፍ ያህል የጎላ ይመስለናል። ሁለት ሰዎች ቀረብ ብለው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ያህል ነው። መምህሩ ከሰሌዳው አጠገብ ሆኖ የሚናገረው ኋላ ወንበር እስኪደርስ እየቀነሰ ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በትምህርት ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚገባው ሌላ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ልጅ ቃሉን አጥርቶ እንዲሰማ የመምህሩ ድምፅ ከሌላው ድምፅ በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ ስላለበት ነው። ትልቅ ሰው እኮ ግማሹን ቃል ቢሰማ ቀሪውን ከልምዱ ይሞላል። ገና ማንበብ የሚማር ልጅ ግን ያልሰማውን ከየት አምጥቶ ይሙላው? «ሰበረ» እና «ሰፈረ»፣ «ጨረሰ» እና «ደረሰ» ይምታቱበታል።

የሙኒክ ከተማ ጉዳይ

ክርክራችንን የፈታልን ታሪክ የተገኘው ከጀርመን አገር፣ ከሙኒክ ከተማ ነው። ሪም የሚባለው የሙኒክ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከፈት በከተማው ምሥራቃዊ ዳር ነበር። ከተማው አደገ፤ ቤቶች ወደ አየር ማረፊያው ተጠጉ፤ አውሮፕላኑም በዛ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1960 ደግሞ ከሪም የተነሣ አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላን ከተማው መካከል ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 20 ሰዎችና መሬት ላይ የነበሩ 32 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ «አየር ማረፊያው ከከተማ ይውጣ» የሚለው ጥያቄ በረታ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ 28 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ፣ ገበሬዎች የሚኖሩበት ረግረጋማ አገር ተመረጠ። የዚያ አካባቢ ሰዎችም በተራቸው «የከተማውን ሸክም ለምን እኛ እንሸከም?» ብለው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሥራው በ1980 ተጀመረ፤ በ1981 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ፤ በ1985 እንደገና ቀጠለ። ፍራንትስሃይም የተባለች መንደር ነዋሪዎቿ ተነሥተው ፈረሰች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1992 አሮጌው ተዘግቶ አዲሱ ተከፈተ፤ መሣሪያውም የተጓጓዘው በአንድ ሌሊት ነበር።

ልጆቹ ምን ሆኑ?

ስታፋን ሂዩጌ፣ ጋሪ ኢቫንስና ሞኒካ ቡሊንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ዝውውሩ ከመፈጸሙ በፊት ተዘጋጅተው ጠበቁ። አሥር ዓመት ያህል የሆናቸውን 326 ልጆች መረጡ፤ ከፊሎቹ ከአሮጌው፣ ከፊሎቹ ከአዲሱ አየር ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩ ነበሩ። የቀሩት ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተያዙ፣ የቤተሰባቸው ኑሮ ተመሳሳይ የሆነ፣ ጸጥ ባለ ሰፈር የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። ከዝውውሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዝውውሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ፈተኗቸው። ፈተናው የተሰጠው ድምፅ በማያስገባ ተሽከርካሪ ክፍል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ልጁ ቢሳሳት «በፈተናው ሰዓት አውሮፕላን ረብሾት ነው» ማለት አይቻልም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። አየር ማረፊያ ሲከፈትባቸው ንባባቸውና የተማሩትን ለረጅም ጊዜ የማስታወስ ችሎታቸው ተጎዳ። አየር ማረፊያ የተዘጋላቸው ልጆች ደግሞ በነዚያው ነገሮች ተሻሻሉ። በአዲሱ አየር ማረፊያ አጠገብ ያሉት ልጆች የደም ግፊታቸውና ከጭንቀት ጋር የሚመነጩት ሆርሞኖቻቸው ከፍ ማለታቸውንም ይኸው ቡድን አስቀድሞ በ1998 ገልጾ ነበር።

ይህ ለምን ይሆናል? አንዱ ማብራሪያ ይህ ነው፤ ልጅ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን «መዝጋት» ይለምዳል። ችግሩ ግን አውሮፕላኑን ብቻ ለይቶ አይዘጋም፤ የመምህሩንም ቃል አብሮ ይዘጋል። እንግዲህ በክርክሩ «ደቂቃ ብቻ ነው» ያልነው ተሸንፈናል ማለት ነው። የምሥራቹ ግን ድምፁ ሲነሣ ልጁም መልሶ ማገገሙ ነው።

ከዚህ የምንማረው

አየር ማረፊያ ሲዛወር ድምፁ አይጠፋም፤ ወደ ሌሎች ልጆች ጆሮ ይዛወራል። በሙኒክም ነገሩ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲሱ አየር ማረፊያ ሦስተኛ መንደርደሪያ ይጨመር ወይስ አይጨመር ተብለው ተጠይቀው ድምፅ ከሰጡት የከተማው ነዋሪዎች 54.3 በመቶው «አይጨመር» አሉ።

የኛም አገር ከዚህ ነገር ርቃ አትገኝም። የቦሌ አየር ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ልደታን ተክቶ ሲከፈት ከከተማው ዳር ነበር፤ ዛሬ ከተማው ከቦታል። በተጨማሪም ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ከፍታ የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ከቤትና ከትምህርት ቤት በላይ ዝቅ ብሎ የሚበርበት ጊዜ ይረዝማል። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አዲስ ትልቅ አየር ማረፊያ እንዲሠራ ተወስኗል። ቦሌ ስለጠበበ ልማቱን እንወደዋለን። ነገር ግን እንደ መምህርነታችን አንድ ነገር አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል፤ በአዲሱ የበረራ መሥመር ሥር የሚውሉት ትምህርት ቤቶች የትኞቹ ናቸው?

መፍትሔ የለም አይባልም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 አገሮች አራት መንገዶችን አስተባብረው እንዲሠሩባቸው ተስማምቷል፤ ይኸውም ድምፁ ያነሰ አውሮፕላን መጠቀም፣ በአየር ማረፊያ ዙሪያ ያለውን መሬት በፕላን መያዝ፣ የአነሣሥና የአስተራረፍ ዘዴን ማሻሻል፣ አስፈላጊ ሲሆንም በረራን በሰዓት መገደብ ናቸው። ለኛ ከሁሉ የሚቀርበን ሁለተኛው ነው። ትምህርት ቤት ከመሠራቱ በፊት ቦታውን መምረጥ፣ ከተሠራ በኋላ ግድግዳና ጣሪያ ከማጠር ይረክሳል።

እስከዚያው በክፍላችን ምን እናድርግ? በልምምዱ ቆይታችን ከክፍሉ መምህርት የተማርነው ይህ ነው። አውሮፕላን ሲመጣ አትጩኹ፤ ጉሮሯችሁ ይጎዳል፣ ልጁም አይሰማችሁም። ቆም ብላችሁ ዋናውን ቃል በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ካለፈ በኋላ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ድገሙ፤ አንድ ልጅም እንዲደግመው አድርጉ፤ እሱም ከኋላ ወንበር ይሁን። ንባብና የቃል ጽሕፈት አውሮፕላን በማይበዛበት ሰዓት ይመደብ። ስንት ጊዜ እንደተቋረጣችሁም በማስታወሻ ያዙ። ከትምህርት ቤቱ ተነሥቶ ለሚመለከተው ክፍል የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት መዝገብ ከያዘ ይደመጣል።

በሁለተኛው ሳምንት እንዲሁ አደረግን። አውሮፕላኑ እንደ ወትሮው አለፈ። ያ የኋላ ወንበር ልጅ ግን ሰሌዳውን አይቶ ቃሉን በራሱ አነበበው።