ለኦቶሞቢል ክፍሎች ቀለም መፋቂያ የሚሆነውን ቅንጣት ስለ መምረጥ

አሮጌ ቀለምና ዝገት ከኦቶሞቢል አካል የሚለቀው በሦስት መንገድ ነው፤ ይኸውም በብርጭቆ ወረቀት በእጅ በመፈተግ፣ በኬሚካል በማላላት ወይም ጥቃቅን ቅንጣቶችን በታመቀ አየር በመርጨት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛውን መንገድ፣ በተለይም የቅንጣቱን አመራረጥ መግለጽ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም ምርጫው ሲሳሳት ሁለት ጉዳት ይደርሳል፤ አንደኛው በዕቃው ላይ፣ ሁለተኛውም በሠራተኛው ጤና ላይ ነው።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣኝ በአንድ ጋራዥ ያየሁት ሥራ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ የአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ፓራፋንጎ ላይ የወንዝ አሸዋ ይረጭ ነበር። ቀለሙ በጥቂት ደቂቃ ለቀቀ፤ ነገር ግን ላሜራው ወጣ ገባ ሆነ፤ ወጣቱም ከአቧራው ውስጥ እያሳለ ወጣ።

አሸዋን በግፊት ረጭቶ የመሥራትን ዘዴ በፓተንት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቺው ቲልግማን ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1870 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም እንዲሁ ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ቅንጣቶች ተገኝተዋል። እነዚህን ለማነጻጸር ሦስት ጠባዮችን መመልከት ይበቃል፤ እነርሱም ጥንካሬ፣ ቅርጽና መጠን ናቸው።

ጥንካሬ የሚለካው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው በሞህስ መለኪያ ነው። የሶዲየም ባይካርቦኔት ዱቄት 2.5 ያህል፣ የፕላስቲክ ቅንጣት ከ3 እስከ 4፣ ብርጭቆ 6 ገደማ፣ ጋርኔት የተባለው ማዕድን 7 ገደማ፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደግሞ 9 ነው። ስለ ቅርጽ የሆነ እንደ ሆነ፣ ማዕዘን ያለው ቅንጣት ይቈርጣል፤ ክብ የሆነው ግን እንደ ትንሽ መዶሻ ይቀጠቅጣል። ስለ መጠንም አንድ ቅንጣት በወርድ እጥፍ ቢሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲመታም ኃይሉ ስምንት እጥፍ ነው። ነገር ግን በአንድ ኪሎ ውስጥ የሚገኘው የቅንጣት ቍጥር አንድ ስምንተኛ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሻካራው ጥቂት ጊዜ በኃይል፣ ደቃቁ ብዙ ጊዜ በቀስታ ይመታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ከምርጫው መውጣት የሚገባው አሸዋ ነው። አብዛኛው አሸዋ ኳርትዝ፣ ማለትም ክሪስታላዊ ሲሊካ አለበት። ቅንጣቱ ከብረት ጋር ሲጋጭ ይሰባበራል፤ ለዓይን የማይታየው ደቃቅ አቧራም እስከ ሳንባ ጥልቀት ደርሶ ሲሊኮሲስ የተባለውን በሽታ ያመጣል። ሳንባው ይጠጥራል፤ በሽታውም መድኃኒት የለውም። ተራ ጨርቅ ይህን አቧራ አያግደውም። እንግሊዝ በ1949 ባወጣችው ደንብ በዚህ ሥራ አሸዋ መጠቀምን ከልክላለች። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋምም በ1974 ክሪስታላዊ ሲሊካ ከመቶ 1 በላይ ያለበት ቅንጣት እንዲከለከል ሐሳብ አቅርቧል።

ከዚህ ቀጥሎ የዚያችኑ ቮልስዋገን ክፍሎች አንድ በአንድ እንመልከት።

ቸርኬና ሌሎች ወፍራም የብረት ክፍሎች ጠንካራውን ምት ይችላሉ። ለእነዚህ ጋርኔት ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ተገቢ ነው፤ ዝገቱን ከማስወገዱም በላይ አዲሱ ቀለም የሚይዝበትን ሻካራ ገጽ ይሰጣል። የተራቈተ ብረት ግን ቶሎ ስለሚዝግ በዚያው ዕለት ዝገት መከላከያ ቀለም ሊቀባ ይገባዋል።

ፓራፋንጎ፣ በርና ኮፈን ከስስ ላሜራ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎች ላሜራው የሚጣመመው በሙቀት ነው ይላሉ፤ ዋናው ምክንያት ግን ቅጥቀጣው ነው። የተመታው ገጽ ሊሰፋ ይሻል፤ ሥሩ ያለው ብረት ግን ይይዘዋል፤ በዚህ ጊዜ ላሜራው ወደ ተመታው ወገን ይቈለምማል። የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ የነበረው ጆን አልመን ይህንኑ ጠባይ ለመለኪያነት ተጠቅሞበታል፤ በአንድ ወገን የተመታች ስስ የብረት ቍራጭ የቈለመመችውን ያህል የምቱ ብርታት ይታወቃል። ስለዚህ ለላሜራ የሚስማማው በዝቅተኛ ግፊት የሚረጭ የፕላስቲክ ቅንጣት ወይም የሶዲየም ባይካርቦኔት ዱቄት ነው።

ሶዳው ለስላሳ መሆኑን የሚያስረዳ የታወቀ ምሳሌ አለ። በ1980ዎቹ በኒውዮርክ የሚገኘው የነጻነት ሐውልት ሲታደስ፣ ከስሱ መዳብ ውስጠኛ ገጽ ላይ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ የተፋቀው በዚሁ ዱቄት ነበር። ሶዳ ግን ሁለት ጕድለት አለው፤ ዝገትን አያነሣም፤ በደንብ ታጥቦ ካልደረቀም ትራፊው አዲሱን ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል።

ካርቡራቶር ከለስላሳ የዚንክ ቅይጥ የተሠራ ስለ ሆነ ማዕዘን ያለው ጠንካራ ቅንጣት ይበላዋል። የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ወይም በዝቅተኛ ግፊት የሚረጭ ደቃቅ የብርጭቆ ዶቃ ይበቃዋል፤ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ግን አስቀድመው መደፈን አለባቸው።

ትልቁ ጥንቃቄ ለሞተሩ ቤት ነው። የቮልስዋገን ጢንዚዛ ሞተር ቤት የማግኒዝየም ቅይጥ ነው፤ የማግኒዝየም አቧራ በብልጭታ ይቀጣጠላል፤ ውሃ ሲያርፍበትም እሳቱ ይብሳል። ከዚህም ሌላ በዘይት መተላለፊያው ውስጥ የተደበቀች አንዲት ጠንካራ ቅንጣት ሞተሩ ሲነሣ ወጥታ ኩሽኔታውን ትፍቃለች። ስለዚህ ይህ ክፍል ከነጭራሹ ባይረጭበትና በማጠቢያ ፈሳሽና በብሩሽ ቢጸዳ ይሻላል።

በመጨረሻም ቅንጣቱ ራሱ ጕዳት የሌለበት ቢሆን እንኳ የሚለቀው ቀለም መርዝ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ይገኛልና። ስለዚህ ትንንሽ ክፍሎች በተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንዲሠሩ፣ በግልጽ የሚረጨውም ሠራተኛ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት የራስ መሸፈኛ እንዲያደርግ ያስፈልጋል።

ከላይ የተባለውን ሁሉ ባጭሩ ለመደምደም፣ መራጩ ሦስት ጥያቄ በተራ ይጠይቅ፦ አቧራው የማንን ሳንባ ይነካል? ዕቃው ከምን ብረት ተሠራ፣ ውፍረቱስ ምን ያህል ነው? የሚነሣው ቀለም ብቻ ነው ወይስ ዝገትም አለ? ከዚያም በማይታይ ስፍራ ጥቂት ሞክሮ ውጤቱን ይመልከት። የተጣመመ ፓራፋንጎ በሌላ ሊለወጥ ይችላል፤ የጠጠረ ሳንባ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም።