የጣኢፍ ማዕድ፤ ከጅዳ ወጥተው የሚመገቡት

ጣኢፍ ከጅዳ በስተምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያርፍ ሠራተኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄዶ መመለስ ቀላል ወጪ አይደለም። ሩዝና ሥጋ ለመብላት ከሆነ ጅዳ ምን ጎድሏት? ለጉዞው የሚበቃው ምክንያት መንገድ የማይችለውን፣ ከተነሣበት ርቆ ጣዕሙን የማይጠብቀውን ምግብ በቦታው መቅመስ ነው፤ እርሱም በወቅቱ ይወሰናል።

ተራራውን በአል-ሀዳ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወጡ ሰዎች ከቆላው ሙቀት ወደ ነፋሻው አየር የሚሻገሩት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዳር ዳሩን የሚሰበሰቡት ዝንጀሮዎች በአዋሽ አካባቢ ያሉት ዓይነት ናቸው። ምግብ መወርወር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ብስኩቱን ለልጆች ማስቀረት ይሻላል።

በመጋቢትና በሚያዝያ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ጽጌረዳ ነው። በአል-ሀዳና በአሽ-ሸፋ እርሻዎች አበባው ፀሐይ ሳይጠነክር በማለዳ ይለቀማል፤ ከዚያም በመዳብ ድስት ተቀቅሎ እንፋሎቱ ወደ ውኃነትና ወደ ዘይትነት ይለወጣል። ዩኔስኮ ከጣኢፍ ጽጌረዳ ጋር የተያያዙትን ባህላዊ ልማዶች በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ዘይቱ ውድ ነው፤ የጽጌረዳው ውኃ ግን የብዙዎችን አቅም አይፈትንም፤ ጥቂት ጠብታ በሻይ ላይ ይበቃል።

በክረምት ወራት ተራው የበርሹሚ ነው። ከትግራይ ወይም ከወሎ ደጋ የመጣ አንባቢ ስሙን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የቁልቋል በለስ ነው። ተክሉ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ወደ ሁለቱም አገሮች የገባ እንግዳ ቢሆንም፣ ዛሬ ባለቤት መስሏል። ሻጩ እሾሁን አራግፎ፣ ልጦ፣ ቀዝቀዝ አድርጎ ያቀርበዋል። ጣፋጭነቱ አታልሎ እንዳያስበዛብዎ፤ ፍሬው ሆድ እንደሚያደርቅ የአገራችን እናቶች ያውቁታል።

ወይኑም በዚሁ ወቅት ይደርሳል። የጣኢፍ ወይን ለሙስሊም አንባቢ ተራ ፍሬ አይደለም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በከተማይቱ ሰዎች በድንጋይ ተወግረው ከአትክልት ሥፍራ በተጠለሉ ጊዜ፣ ከነይነዋ የመጣው ክርስቲያኑ ባሪያ አዳስ የወይን ዘለላ በሳሕን እንዳቀረበላቸው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ሲጀምሩም እንደተደነቀ የሲራ ጸሐፍት ዘግበዋል። በስሙ የሚጠራ መስጂድ በአል-መሥናህ ይገኛል።

ከነሐሴ አንሥቶ ሮማን ይመጣል። «የጣኢፍ ሮማን» የሚለው ስም ዋጋ ስለሚጨምር ከሌላ ሥፍራ የመጣውም በዚሁ ስም ሊሸጥ ይችላል። በእርሻው በር ላይ መግዛትን የመሰለ ማረጋገጫ የለም።

ወቅት የማይጠብቀው ሰሊግ ነው፤ ለእኔ የጉዞው ዋና ምክንያትም እርሱ ነው። ስሙ በዐረብኛ መቀቀልን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው። አጭር ፍሬ ሩዝ በበግ ወይም በዶሮ መረቅ ይበስላል፤ ወተት ይጨመርበትና ቀስ እያለ ይማሰላል። ገንፎ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሰፊ ትሪ ላይ ይገለበጣል። ሥጋው ከላይ ይደረደራል፤ ቅቤውም ቀልጦ ይፈስበታል። ቅቤው የእኛን ንጥር ቅቤ ያስታውሳል፤ ኮሰረትና ኮረሪማ ግን የለበትም። ነጭና ለስላሳ የሆነውን ምግብ የሚያነቃው ዱጉስ የተባለው የቲማቲምና የቃሪያ ማባያ ነው። ብርዱ በሚጠናበትና ከብት በሚረባበት ደጋ ወተትና መረቅ ተገናኝተው እንዲህ ያለ ማዕድ መፍጠራቸው አያስደንቅም። ሰሊግ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ወተቱና ሩዙ ተጣብቀው ጣዕሙ ይጠፋል። በዕቃ አስጭኖ ወደ ጅዳ መመለስ ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ ትሪው እንፋሎቱን ሳይጨርስ፣ ከቤተሰብ ወይም ከጓደኞች ጋር ከአንድ ማዕድ ቢበላ ይመረጣል። ዶሮው ዋጋው ይቀንሳል፤ በጉ ግን መረቁን የተሻለ ያደርገዋል።

በመመለሻው ዑምራ ለማድረግ የነየተ ሰው በአል-ሀዳ መንገድ ከሆነ በዋዲ ሙሕሪም፣ በአስ-ሰይል መንገድ ከሆነ ደግሞ በቀርን አል-መናዚል ኢሕራሙን ያስራል። ዝናብ ወይም ጭጋግ ሲኖር የአል-ሀዳው መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከመነሣት በፊት ማጣራትና የአስ-ሰይሉን መንገድ አማራጭ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።